የወደቀ አይመታም

ባሌ ቀን ቀን በያጅ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ በወጣቶች አዳራሽ ቴኳንዶ ያስተምራል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሕጉ አንድ ነው። ከመግጠምህ በፊት ጎንበስ ብለህ ሰላምታ ስጥ፤ «ቁም» ስትባል ቁም፤ የወደቀ አይመታም፤ ከተመታህ ደግሞ ዳኛው ባያይም እመን። ቤት ውስጥ ስንጨቃጨቅ እንኳ ተራዬን ጠብቆ ያስጨርሰኛል። እንዲህ ዓይነት ሰው ላይ መናደድ ከባድ ነው፤ እኔ ግን አያቅተኝም።

አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበረው፣ መብረቅ የምንለው። አንድ ቀን በልምምድ ላይ የወደቀ ጓደኛውን በእርግጫ መታ። ባሌ ያኔውኑ ቀበቶውን ሊያስፈታው ይገባ ነበር፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ግን ለውድድሩ ሳምንት ቀርቶ ስለነበር አለፈው። ዋንጫውም መጣ።

ዛሬ መብረቅ የከተማው ምክር ቤት ሰብሳቢ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ምክር ቤቱ አዳራሹ ለልጆቹ ይቆይ ወይስ መጋዘን ይሁን ብሎ ሊወስን ተሰበሰበ። እኛም ሄደን ከኋላ ተቀመጥን። መብረቅ በር ላይ «ማስተር፣ አያስቡ፣ አዳራሹ የልጆቹ ነው፣ ያለቀ ነገር ነው» ብሎን ነበር።

ከእኛ ጉዳይ በፊት አንዲት አስተማሪ፣ የምክር ቤቱ አባል፣ ስለተቋረጠው የውሃ መስመር ጠየቀች። መብረቅ ማይኩን አጠፋባት። ተቀመጠች። በዚህ ቢበቃው ምን ነበረበት? ምን ሲደረግ፤ «ባሏን መያዝ ያቃታት ሴት ከተማ መምራት ያምራታል» አለ። ተሰብሳቢው አውካካ። ሴትየዋ አንገቷን ደፋች።

ደሜ ፈላ። ባሌ ሊነሳ ሲል ግን እጁን የያዝኩት እኔው ነኝ። «በሞቴ ተቀመጥ፤ ሰማንያ ልጅ የት ልትወስድ ነው?» አልኩት። እስካሁን በዚህ አፍራለሁ።

ባሌ ግን እጁን አስለቅቆኝ ተነሳና «ቁም» አለ። መብረቅ ሌላ ስድብ ሊጨምር የከፈተውን አፍ ሳይዘጋ ቀጥ አለ።

«የወደቀ ስትመታ ሁለተኛህ ነው። የመጀመሪያውን ለዋንጫ ብዬ ያለፍኩህ እኔ ነኝ፤ ያ የእኔ ጥፋት ነው። ይሄ ግን ያንተ ነው። ይቅርታ ጠይቃት።»

«ማስተር፣ ይሄ እኮ ፖለቲካ ነው» አለ ፈገግ ብሎ።

«እና ፖለቲካ ሲሆን ሰው መሆኗ ይቀራል?»

ጥበቃ ጠርቶ አስወጣን። ድምፅ ሲሰጡ በበሩ መስታወት አየን። አዳራሹ መጋዘን ይሁን ብለው እጃቸውን አወጡ፤ ያላወጣችው አስተማሪዋ ብቻ ናት። ከወጡት እጆች ሦስቱን ቡጢ መጨበጥ ያስተማራቸው ባሌ ነው።