ጣሪያ ላይ የወጣችው ቲትቪ

ሳጉናባይ ነገር ሳታጣራ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ለቀስተኛው ሲያለቅስ እሷ ጉንዳኖቹ ወዴት እንደሚሄዱ ታያለች ብለው ያሟታል፤ ውሸትም አይደለም። ማራትዋዳ በሚባለው ዝናብ አጠር አገር ባለች ደረቅ መንደር ክረምት ሊገባ ሲል የቲትቪን እንቁላል አይታ ዝናቡን የምትናገረው እሷ ነበረች። ሥራውን የወረሰችው ከባሏ እናት ነው። ቲትቪ ጎጆ የማትሠራ፣ ባዶ መሬት ላይ የምትጥል ቅልጥመ ረጅም ወፍ ናት። ዝቅ ብላ ከጣለች ዝናቡ ትንሽ ነው፣ ከፍ ካለች ብዙ፤ የእንቁላሉ ቁጥር ደግሞ የዝናቡ ወራት ቁጥር ነው።

ሠላሳ ዓመት በዚህ ሲዘራ ኖረ። ባለፈው ዓመት ግን ወፏ ወንዙ ዳር አሸዋው ላይ ጣለች፣ ሳጉናባይም ዝናቡ ይሰስታል አለች፤ የአራት ወሩ ዝናብ በአንድ ሳምንት ወረደና እንቁላሉንም የሰዉን አኩሪ አተርም ጠራርጎ ወሰደው። መንደርተኛው ወፏን ረገመ። ሳጉናባይን የከነከናት ሌላ ነገር ነበር፤ ወፍ ልጆቿን እያወቀች ለጎርፍ አትሰጥም።

ዘንድሮ ደግሞ ቲትቪ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥታ አራት እንቁላል ጣለች። ይህን የሰማ ሁሉ ደስ አለው። ገና ጊዜው ሳይደርስ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ሰዉ ዘሩን ተሸክሞ ወጣ፤ ከፊት ከፊት የሚሄደው የባሏ ታናሽ ወንድም ባብሩቫን ነበር።

ሳጉናባይ ያላት ዘር አንድ ጆንያ ብቻ ነው። እሱ ከተበላሸ እሷም፣ ምራቷ ቫንዳናም፣ ሁለቱ የልጅ ልጆቿም ዓመቱን የሚቀምሱት የለም። ስለዚህ መሰላል አስደግፋ አምስት ጠዋት ጣሪያውን ስትሰልል ሰነበተች። ወፏ ወደ ከብቶቹ ገንዳ ትበርራለች፣ ሆዷን ውኃ ውስጥ ነክራ ትመለሳለች፣ በረጠበው ላባዋ እንቁላሎቹን ታቀዘቅዛለች። ዱሮ በቀትር አንዴ ሁለቴ ነበር ይህን የምታደርገው። አሁን ፀሐይ ሳትበረታ ገና አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሰች። ከጣሪያው ሥር ያለው፣ ዱሮ ብዙ ጊዜ የምትጥልበት ማሳ፣ ከሰል መስሏል፤ ገለባ ለማቃጠል የተለኮሰ እሳት በዚያ ሙቀት ከባለቤቱ እጅ አምልጦ ነው።

ወርዳ ማሳዋን በመኮትኮቻ ቆፈረች። አራት ጣት ያህል ረጥቧል፤ ከዚያ በታች ደረቅ ዱቄት ነው። ጆንያዋን ሳትፈታ ተወች።

ባብሩቫን መንገድ ላይ አገኛት። «እትዬ፣ ወፏ ጣሪያ ላይ ወጥታ ነግራሻለች፤ ጆሮሽ ሥር መጥታ ታንሾካሹክልሽ እንዴ?»

«እሷ እሳት ሸሽታ ነው የወጣችው። ስለ ዝናብ ምንም አላለችም።»

«አርጅተሻል በቃ።»

«አንተም ቸኩለሃል።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ፈርታ ነበር። የሰው ማሳ ሲበቅልና የእሷ ባዶውን ሲያፈጥባት ቫንዳና ሦስት ቀን አኮረፈቻት። ከዚያ ሰማዩ ሃያ ሦስት ቀን ጭልጥ ብሎ ጠራ። አረንጓዴው ቡቃያ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ በነፋስ ተነሣ።

ዝናቡ በመጨረሻ ሲመጣ ባብሩቫን ደጇ ላይ ቆመ። ባዶ እጁን ነበር፣ ቀልድም አልያዘም። ሳጉናባይ ጆንያውን ፈትታ ግማሹን ሰፈረችለት። ቫንዳና ፊቷን አዞረች።

«አሁንስ ልዝራው?» አለ። «እንደገና አይጠፋም?»

ሠላሳ ዓመት እንዲህ የጠየቃትን ሁሉ መልስ ሰጥታ ሸኝታለች። አሁንም ከንፈሯን እያየ የሚጠብቀውን ሰው ማሳዘን አልፈለገችም። ግን መልሱን አታውቀውም ነበር።

«አላውቅም» አለች። «ቲትቪም አታውቅም። ቆፍረህ እርጥበቱን እይ።»

ይስቃል ብላ ጠበቀች። ባብሩቫን ዘሩን ደጃፏ ላይ ተወው፣ መኮትኮቻዋን ከግድግዳው አንስቶ ወደ ማሳው ሄደ፣ ተንበርክኮም መቆፈር ጀመረ።