ወደ ኋላ የታጠፈች ሴት

መጀመሪያ የደነዘዘው የግራ እግሬ አውራ ጣት ነው። ዳንግላ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬን ፔዳል ስረግጥ ጣቴ የሌላ ሰው መሰለኝ። ጫማው ጠቦኝ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ ስለምውል ወገቤን ላፍታታ ብዬ ነበር ከስልኬ ላይ እያየሁ ዮጋ የጀመርኩት። እያደር ደፈርኩና «ርግብ» የሚሉትን ያዝኩ፦ ተንበርክኮ ወደ ኋላ መለመጥ፣ ጭንቅላት የእግርን መዳፍ እስኪነካ፣ እጅም ተረከዝ እስኪጨብጥ። ተረከዜን የጨበጥኩ ዕለት ወገቤ ውስጥ ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ። ደስታዬ በለጠብኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት መነሣት አቃተኝ። እግሬ ነደደ። በሰው ተደግፌ ሽንት ቤት ሄድኩ። አለቀስኩ።

ጠያቂ ቤቱን ሞላው። የዮጋዬን ወሬ የሰማች አንዷ፣ «ሰው የሚሰግደው ወደ ፊት ነው፤ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ለማን እየሰገደ ነው?» አለች። ሌሎቹም «ይሄን ነገር ተዪው» ብለው ከለከሉኝ።

ጎረቤቴ እትዬ የሺ ግን ሊረዱኝ ነበር የመጡት። እሳቸው የመንታ እናት ናቸው፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ የታመመ ወገብ መንታ የወለደች ሴት ከረገጠችው ይለቃል ይባላል። «በሆድሽ ተኚ የኔ ልጅ፣ ስንቱን አቃንቻለሁ» አሉኝ። ተኛሁ። ረገጡኝ። ዓይኔ ጨለመ። እግሬን አዘዝኩት፤ እንቢ አለ።

ቤተሰቦቼ ባሕር ዳር ሆስፒታል ወስደው ኤምአርአይ አስነሡኝ። ሐኪሟ ምስሉን እያሳየችኝ፣ «ስፖንዲሎሊስቴሲስ ይባላል። የታችኛው አከርካሪሽ ከኋላው ተሰንጥቆ ትንሽ ወደ ፊት ተንሸራቷል፤ ነርቭ ተጭኗል» አለችኝ።

«ስለተረገጥኩ ነው?»

«ስንጥቁ ቀድሞም ነበር፤ መረገጡ አባሰው። ለጊዜው ኦፕራሲዮን አያሻሽም። ሽንትሽን መቆጣጠር ካቃተሽ ግን ሳታድሪ ነይ።»

«ዮጋዬስ?»

«ወደ ኋላ መታጠፉ ይቅር። መንቀሳቀሱ አይቅር።»

የወገብ ቀበቶ ታጥቄ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው እንዳሳየኝ በጀርባዬ ተኝቼ ሆዴን እያጠበቅኩ፣ አንዱን እግሬን ቀስ ብዬ እያነሣሁ ሰነበትኩ፤ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ አጥሩ፣ በኋላም ባለጋሪው «እቴ፣ ፈረሱ እንኳ አዘነልሽ፣ ተሳፈሪ» እያለ ሲቀልድብኝ የጋሪውን መንገጫገጭ ፈርቼ በእግሬ እስከ ሱቄ መድረስ ቻልኩ። ፔዳሉን ስረግጥ ጣቴ የራሴ ነበር።

እትዬ የሺ ተጸጽተው ብዙ ጊዜ ደጄን ሸሽተዋል። ሄጄ ጎትቼ አመጣኋቸው። አሁን ጠዋት ጠዋት ግቢዬ ውስጥ፣ መንገደኛ እያየን፣ ጎን ለጎን ተኝተን እግር እናነሣለን። «ይሄስ ከመንታ ምጥ ይብሳል» ይላሉ እያቃሰቱ። ያቺ ጠያቂዬ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «አሁንም አልተዋችሁም?» ትላለች። እግራችንን አናወርድም።

ወገባችሁን የታመማችሁ እህቶቼ፣ የደነዘዘ ጣት ጫማ ጠበበኝ ተብሎ አይታለፍ። ሳትመረመሩ ማንም አይርገጣችሁ፣ የሚወዳችሁም ቢሆን። ቀጭ ያለ ነገር ከሰማችሁ እዚያው አቁሙ። ሐኪሟንና እጄን ይዘው ያራመዱኝን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ርግቧን ትቻታለሁ፤ ሐኪሟ ከልክላኛለችና። ሰፈሩ የከለከለኝን ግን ነገ ጠዋትም አደርገዋለሁ።