ኮርጃለች ያሏት የልጅ ልጄ

እኔን ብሎ ጠበቃ! ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት ስለ እንግሊዝኛ ልሟገት ትምህርት ቤት ድረስ መሄዴን ሳስበው፣ እስከ ዛሬ በራሴ እስቃለሁ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ እዚሁ ቡራዩ ነው። ያልረሳሁት የልጅ ልጄን ስም ሊያበላሹብኝ ስለነበር ነው። ይኸንንም የምትጽፍልኝ ራሷ ናት።

ሲፈን ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ስለ ኩረጃ በእንግሊዝኛ ጻፉ ተባሉና ጻፈች። መምህሩ ዜሮ ሰጥቶ "ወላጅ አምጪ" አላት። እናቷ ሰበታ ፋብሪካ ነው የምትውለው፤ ነጠላዬን ደረብ አድርጌ ሲፈንን ይዤ እኔው ሄድኩ።

"እማማ፣ 'ዲሊንግ ፍሮም ዘ ቦተም ኦፍ ዘ ዴክ' ብላ ጽፋለች። እኔ አላስተማርኳትም፣ መጽሐፉም ላይ የለም። ደግሞ በትክክለኛ ቦታው ነው ያስገባችው። ከስልክ ኮርጃ ነው" አለኝ።

"ይቺንማ አውቃታለሁ!" አልኩት።

ካርታ ከሥር መዞ ማደል፣ ማጭበርበር ማለት ነው። ከጎረቤት ጋር ስጫወት ደህናዋን ካርታ ከሥር መዘዝ አደርጋለሁ። ሲፈን ያን ጊዜ ፊልም ላይ የሰማቻትን ይቺን እንግሊዝኛ በጆሮዬ ሹክ ትለኛለች።

ካርታዬን ከጉያዬ አወጣሁና፣ እንደ ልማዴ ደህናዋን ከሥር መዘዝ እያደረግሁ ለሦስታችን አደልኩ። መምህሩ እጄ ላይ አፍጥጦ ምንም አልታየውም። ሲፈን ግን እንባዋ ሳይደርቅ "አኮ!" ብላ ያቺኑ እንግሊዝኛ ለቀቀችብኝ። አኮ ነው የምትለኝ፣ በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው።

"አየህ ልጄ? ከስልክ አልኮረጀችም፣ በእኔ ላይ ነው የተለማመደችው!"

ፈገግ አለ እንጂ አልተረታም። "እስቲ ካርታ በሌለበት ነገር ተናገሪበት" አላት።

ቀና ብላ እያየችው በእንግሊዝኛ መለሰችለት። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ምን አለችህ?"

"'ቲቸር፣ ሳታጣራ ዜሮ ከሰጠኸኝ ከሥር የምታድለው አንተ ነህ' ነው ያለችኝ።"

"እንግሊዝኛው ልክ ነው?"

"ልክ ነው።"

"ነገሩስ?"

እስክሪብቶውን አነሳ። ከዚያ ዜሮዋን ሰርዞ ወረቀቱን እንደ አዲስ ማረም ጀመረ። እኔም ጨርሶ እስኪሰጣት ንቅንቅ አላልኩም።

ዛሬም ልጄን ኮርጃለች የሚል ካለ እሄድበታለሁ፤ ይሉኝታ የሚባል አይይዘኝም።

ወሬው ሰፈር ሲደርስ ሁሌ ካርታ አብራኝ የምትጫወተው ጎረቤቴ ጫልቱ ደጄ ላይ መጥታ ወገቧን ይዛ ቆመች። "ልጅቷስ ነጻ ወጣች። አንቺ ግን ሌባ ነሽ፤ ከእንግዲህ ካርታ የማድለው እኔ ነኝ!"