ከባቡር የወረደ ጧሪ

አረቡ ባለሱቅ አክስቴን «ቀባሪሽ ልሁን» ያላት በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት ነው። አክስቴ ደጃፏ ላይ በርበሬ ታሰጣለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ ዶሮ እከላከላለሁ። ውሃ ቀድታ የምትመለስ ጎረቤታችን ሰማችና እንስራዋን እንዳዘለች ቀጥ አለች።

«ምን አልክ አንተ?» አልኩት።

«ቀባሪ» አለ ፈገግ ብሎ። «እቴቴ ልጅ የላትም። እኔ ቀባሪ እሆናለሁ።»

አክስቴ ከበርበሬው ቀና አለች። «በቁሜ?»

ሊል የፈለገው «ጧሪ ቀባሪ» ነበር። ከሁለቱ ቃላት በእሱ ቋንቋ ያለችው ሁለተኛዋ ብቻ ናት፤ አረብኛም መቃብርን የሚጠራው በዚያው ድምፅ ነው። ስለዚህ የሚያውቃትን አንጠልጥሎ፣ ጧሪን መንገድ ላይ ጥሏት መጣ። ይህን የተረዳሁት ግን በኋላ ነው። ያን ቀን የገባኝ ይህ ሰውዬ አክስቴ እንድትሞት እንደሚፈልግ ብቻ ነው።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ሐዲዱ ሲዘረጋ ከድንጋዩና ከብረቱ ጋር አዳማ የደረሰ ሰው ነበር፤ ሳይወልዱ ሞተባት። የቀራት ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ግቢ ነው። በጭቃ የተመረጉ ክፍሎች አሉት፤ እያከራየች ትኖራለች። የሚከራዩዋት ደግሞ መጤዎች ናቸው፤ አረቡም አንዱን ክፍል ሱቅ አድርጎ አቡጀዲ፣ ላምባና ስኳር ይሸጥበት ነበር።

እኔ ያኔ ድሬዳዋ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበርኩ። መምህራችን መነኩሲት፣ በፈረንጅ አገር ላረጀ ሰው መንግሥት በየወሩ ገንዘብ ይቆርጥለታል ብትለን ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አንዷ «ልጆቻቸው የት ሄደው ነው?» ብላ ጠየቀች። እኛ ጋ ጡረታ ገንዘብ አይደለም፣ ሰው ነው። ለክረምት አዳማ ስመጣ የአክስቴ ጡረታ እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ዓይኗ ደክሟል፣ ጉልበቷ ከድቷታል፣ ወንድሞቼ ሥራ ይዘዋል፤ ስለዚህ እኔ ትምህርቴን ትቼ እሷ ጋ እንድቀመጥ ቤተ ሰቡ መክሮ ጨረሰ። አባቴ «አንድ ዓመት ብቻ» አለኝ። አባቴ አንድ ዓመት ብቻ ብሎት ያለቀ ነገር አላውቅም።

እንግዲህ አረቡ ጧሪ ከሆነ እኔ ነፃ ነኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስ ግን አላለኝም። የሚጠቅመኝ ነገር በራሱ እግር በር ድረስ ሲመጣ፣ ማን ላከው እላለሁ።

መጠርጠር የእኔ ብቻ ጠባይ አልነበረም። ባቡሩ በቆመ ቁጥር ሰው ይወርድ ነበር፤ የመኑ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ ከወሎና ከጉራጌ አገር የመጣው። የምንቀዳው ጣቢያው ለባቡሩ ካጠራቀመው የሚተርፈውን ውሃ ስለነበር ወረፋው በየሳምንቱ ይረዝማል። «እነሱ ሳይመጡ ወረፋ የሚባል አናውቅም ነበር» የምትለው፣ ከፊቴ የምትሰለፈው ሴትዮ፣ ራሷ ከመንዝ መጥታ ብዙ አልቆየችም። የእኛ አገር ውሃ ጥርስ ያበልዛል፤ እዚያው ያደገ በጥርሱ ይለያል። እና ሴቶቹ መጤውን ሁሉ «ነጭ ጥርስ» ይሉታል። ሴትዮዋ ይህን ስትል አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

እኔም አረቡን መሰለል ያዝኩ። ስኳር ገዝቼ ሌላ ሱቅ ወስጄ አስመዘንኩት፤ ልክ ነው። ይህም አጠራጠረኝ። አንድ ቀን ለአክስቴ ዶሮ ላከላት። እስላም ያረደውን እንደማትበላ ስለሚያውቅ ከነሕይወቷ ነበር የላካት። ይህን ያህል አርቆ የሚያስብ ሰው ሌላም ያስባል አልኩ። ግቢውን ነው። ጣቢያው ፊት ለፊት የሆነ ግቢ ማን ይጠላል?

አክስቴ ግን ሐሳቡን ወደደችው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ሽማግሌ ተቀመጠ። አባቴ አለ፤ የሰፈሩ እድር ዳኛ አሉ፤ ከወንዙ ማዶ የሚያርሱ፣ የአክስቴ ባል ወዳጅ የነበሩ የኦሮሞ ሽማግሌም አሉ። አረቡ አዲስ ሽርጥ አገልድሞ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ሽማግሌው ሰላምታውን «አካም ጅርቱ» ብለው አዳርሰው አረቡን አዩት። «እኛ ጋ ጉዲፈቻ አለ» አሉ። «ግን የምናሳድገው ልጅ ነው። ይሄኛው ጺሙ ሸብቷል።»

ሁሉም ሳቀ። አባቴ ብቻ አልሳቀም። «በግልጥ እንነጋገር። ግቢውን ነው የምትፈልገው?»

«ግቢ አልፈልግም» አለ አረቡ። «ግቢ የእቴቴ ነው። ከእሷ ኋላ የእናንተ ነው።»

ይሄኔ ነው በእውነት የፈራሁት። «ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልገው?» አልኩ፤ ሳላስበው ቆሜያለሁ።

«አንቺ ዝም በይ!» አለ አባቴ።

«ተዋት» አሉ ሽማግሌው። «እኔም ልጠይቀው ያሰብኩት ይህንኑ ነው።»

አረቡ ጉሮሮውን ጠረገ። ባለፈው በጋ አንድ ያገሩ ልጅ ከባቡር እንደወረደ በንዳድ እሱ ሱቅ ውስጥ ሞቶ ነበር። «ሶላት ተሰገደ፣ ተቀበረ» አለ። «ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሄደ። ድንኳን የለ፣ ለቅሶ የሚቀመጥ የለ። እኔ ብቻዬን ምንጣፍ ላይ። እኔ እንደዚያ አልፈልግም። እቴቴን እጦራለሁ፤ በእሷ ልጅነት እድር ልግባ።»

አውቄ ነበር! የሚፈልገው እንዳለ አውቄ ነበር።

የእድሩ ዳኛ የዝንብ ጭራቸውን ማወዛወዝ አቆሙ። «እድሩን ያቆምነው ከአፋችን እየነጠቅን ነው» አሉ። «ዛሬ አንዱን በዚህ በር ካስገባን፣ ነገ ከባቡር የወረደ ሁሉ አሮጊት ሊፈልግ ነው። ድንኳናችን አንድ፤ ሬሳው የጂቡቲን መንገድ የሞላ!»

«እኔን አሮጊት ማለትዎ ነው?» አለች አክስቴ።

«ኧረ እትዬ፣ ለነገሩ ነው እንጂ።»

«ለነገሩ ከሆነ እኔም ልናገር። ስሞት ድንኳኑን ትተክላላችሁ፤ እግዜር ይስጣችሁ። እስክሞት ድረስ እንጨት የሚፈልጥልኝ ግን ማነው? የገዛ ሥጋዬ እንኳ የምታለቅስ ልጅ ጎትቶ አመጣልኝ።» አባቴ መሬት መሬት አየ። «ሰውዬው የሚፈልገው አለው፣ እኔም የምፈልገው አለኝ። ምንም አልፈልግም ብሎ ቢመጣ ነበር የማባርረው።»

ዳኛው ለረጅም ጊዜ ሲያጉረመርሙ ቆዩ። በኋላ፣ መዋጮውን እንደማንኛውም አባል ከከፈለ፣ ጉድጓድ ሲቆፈርም ካልቀረ ይግባ አሉ። «ክርስቲያን ሲሞት ምን ልታደርግ ነው?» ብለው ጠየቁት።

«አካፋ እይዛለሁ። ፍትሐቱን ቄሱ ያውቃል።»

ይህ አስማማቸው። ዳኛው ዙሪያውን ቃኙና «የሚቃወም አለ?» አሉ። ሁሉም እኔን አየ። ዝም ብል ለትምህርት መክፈቻ ድሬዳዋ ነበርኩ።

«እቴቴ ስትታመም ማን ያጥባታል?» አልኩ።

 እንጨት መፍለጥ ሌላ ነው። ባዕድ ወንድ የአሮጊት ገላ አያጥብም፤ ይህን ለማወቅ ሚሲዮን መማር አያስፈልግም። አረቡ መዳፎቹን ገለበጠና አያቸው።

«እህቴን አመጣለሁ» አለ።

ዳኛው ጭናቸውን በጥፊ መቱ። «ይኸውላችሁ! ምራቃችን ሳይደርቅ ሁለት ሆኑ!»

ሽማግሌው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ፍርዱም እንዲህ ሆነ፤ አረቡ ጧሪ ነው፤ እህቱ እስክትመጣ ግን ማጠቡ የእኔ። ወደ ቤት ስንገባ አባቴ «ምን አለ ዝም ብትዪ?» አለኝ። 

ከዚያ በኋላ ከጂቡቲ የሚመጣ ባቡር ሲያፏጭ ጣቢያው ላይ የማልገኝበት ቀን አልነበረም። ጥቁር የተከናነበች ሴት ባየሁ ቁጥር እጠጋለሁ። አንዷ ወደ አዲስ አበባ አላፊ ናት፣ ሌላዋ ባሏ ይቀበላታል። ውሃ ወረፋ ላይ የመንዟ ሴትዮ «ትናንት መጤ በዛ ስንል አብረሽን ነበርሽ፤ ዛሬ መጤ አጣሽ?» ብላ አሳቀችብኝ።

እህት የሚባል ነገር መኖሩንም መጠራጠር ጀመርኩ። ሱቁ ሄጄ ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«አላህ ያውቃል።»

«እኔ አላህን አይደለም የጠየቅኩት!»

ሳቀና ሎሚ ሰጠኝ። እንጨቱን ግን ይፈልጣል። ጣሪያው ሲያፈስ ወጥቶ ሣሩን የጠገነው እሱ ነው። አንድ ጎረቤት ሲሞትም አካፋውን ይዞ ከማንም ቀድሞ ሄደ።

የክረምቱ ንዳድ አክስቴን ጣላት። ሙቅ ውሃ አዘጋጅቼ ገላዋን አጥባታለሁ። ጀርባዋ ሲታጠፍ አጥንቷ ሁሉ ይቆጠራል። አንድ ጠዋት ዓይኗን እንደ ጨፈነች «እጅሽ ይቸኩላል» አለችኝ።

«አልቸኮልኩም፣ እቴቴ።»

«ገላዬ ያውቃል። አልተቀየምኩሽም፤ ግን ይቸኩላል።»

እሷ ድና ደጃፍ መቀመጥ ስትጀምር፣ ነፋሱ አቧራውን በሚያስነሳበት አንድ ከሰዓት፣ ከሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ አንዲት ቀጭን ሴት ወረደች። ጓዟ በጨርቅ የታሰረ ነው። ቆማ ዙሪያዋን ስታይ አፍንጫዋ የእሱን አፍንጫ ቁርጥ። ሮጬ ሄድኩና ጓዟን ያዝኩላት።

መልሳ ነጠቀችኝ። ጓዟን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ ገረመመችኝ፤ ጫማዬን፣ የሚሲዮን ቀሚሴን፣ ጥርሴን። እኔ ወንድሟን እንዳየሁት ነው ያየችኝ።

እሱ ሱቁን ክፍት ጥሎ እየሮጠ ደረሰ። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ከዚያ እሷ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል በአረብኛ አንድ ነገር ጠየቀችው።

«ምን አለች?» አልኩት።

አፈረ። «ይህች ልጅ ምን ፈልጋ ነው እንዲህ የምትጣደፈው ትላለች።»

«መሄድ በላት» አልኩት።