ከማሽላው ጋር የተቀበሩ ፊቶች

ሰሀር የከሚሴ ሰው ፊቱን አደራ የሚሰጣት ሴት ናት። ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን ያለችው ጠባብ ፎቶ ቤት የእሷ ናት። ለመታወቂያም ሆነ ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ሁሉ እዚያች ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ይቀመጣል። አሮጊቶቹን ስታነሳ ሻሻቸውን በራሷ እጅ ታስተካክልላቸዋለች፤ የሚያፍሩትን በኦሮምኛ እያጫወተች ታስቃቸውና ሳቁ ሊያልቅ ሲል ካሜራውን ትነካዋለች። ያነሳችውን ሁሉ ኮምፒውተሯ ላይ በየስሙ ታስቀምጣለች። የሰው ፎቶ ይጠፋል፣ ይቀደዳል፣ ዝናብ ይመታዋል፤ ወደ ሰሀር የተመለሰ ግን ፊቱን ያገኛል። እንዲህ ሆና ነው የኖረችው።

ጦርነቱ ከሚሴ በገባበት ዓመት፣ ሰው ያለውን እየቀበረ ሲሸሽ፣ ሰሀር የፎቶዎቹ ቅጂ ያለባትን ትንሽ ሃርድ ዲስክ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ከትታ ለአባቷ ሰጠችው። አባቷ አያ ቃሲም የጨፋ ገበሬ ነው። ማሽላውን እንደ አባቶቹ መሬት ውስጥ ያስቀምጣል። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ውስጡ ገለባ ይነጠፍበታል፣ አፉ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል፣ ከላይ አፈር ይለብሳል። የማያውቅ ሰው ቢቆምበት ሜዳ ላይ የቆመ ይመስለዋል። አያ ቃሲም ቆርቆሮዋን ማሽላው አናት ላይ አስቀምጦ ደፈነው።

ሲመለሱ የፎቶ ቤቱ በር ወደ ውስጥ ወድቋል። ኮምፒውተሩም ካሜራውም የለም። ጉድጓዱን ግን የነካው አልነበረም። ሰሀር ተበድራ ሌላ ኮምፒውተር ገዝታ ሃርድ ዲስኩን ስትሰካው፣ የከሚሴ ፊት ሁሉ ተመልሶ ተደረደረ። ያን ቀን በሯን ዘግታ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ከጉድጓድ የሚበልጥ ማስቀመጫ ያለ አልመሰላትም። በየዓመቱ ማሽላ ተወቅቶ ጉድጓድ ሲገባ፣ ከተከፈተው ጉድጓድ ባወጣችው ሃርድ ዲስክ ላይ የዓመቱን ሥራዋን ገልብጣ ቆርቆሮዋን ይዛ ጨፋ ትወርዳለች። ሃርድ ዲስኩን ስትሰካው መብራቱ ብልጭ ካለ፣ መገልበጡም ካለቀ፣ ይበቃታል። የቆየውን ከፍታ አይታ አታውቅም። ማሽላው ደህና ይሁን አይሁን ብሎ በየወሩ ጉድጓድ የሚከፍት ገበሬ የለም፤ አንዴ ከተከፈተ አየር ይገባውና እህሉ ቶሎ ማለቅ አለበት። ሰሀርም ቅጂዋን በማሽላ ዓይን አየቻት። በጦርነቱ ጊዜ ቆርቆሮዋ እዚያ የሰነበተችው ለጥቂት ሳምንት፣ ያውም በደረቅ ወራት መሆኑን ልብ አላለችም።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ በረታ። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ የጨፋን ሜዳ ውሃ አለበሰው። በመስከረም ደግሞ ከሚሴ መብራት ጠፍቶ ዋለና ሲመለስ በኃይል መጣ፤ አምፖሏ ፈነዳች፣ ኮምፒውተሩም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ኮምቦልቻ ወስዳ ለጠጋኙ ለበዛብህ ሰጠችው። በዛብህ ፈታታውና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ሞቷል፣ ሰሀር። ከዚህ ምንም አይወጣም።»

«አብሽር፣ ቅጂ አለኝ።»

«የት?»

«መሬት ውስጥ።»

በዛብህ ሳቀ። «ቀብረሽ ተዝካሩንም አውጥተሽለታላ።»

«አንተ ሳቅ። ከመሬት በላይ ያለው ሁሉ ሲዘረፍ እሱ ነው የተረፈልኝ።»

ማሽላው እስኪደርስና ጉድጓዱ በወጉ እስኪከፈት ልትጠብቅ አሰበች። አልቸኮለችም። የምትቸኩልበት ምክንያት ይዛ የመጣችው ፋጡሜ ናት።

ፋጡሜ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ ባልቴት ናት። ሟቹ ባሏ ሸህ ነበር፤ የሰው ምስል ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም ብሎ አንድ ፎቶ እቤቱ አላስገባም። አንድ ልጅ አላት፣ ሙሀመድኑር የሚባል። በባቲ አድርጎ፣ በአፋር በረሃ ወደ ባሕሩ ከሄዱት ልጆች ጋር ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

«ነጋ ጅርታ፣ ሰሀር?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻት ከበሩ።

«ነጋ፣ እማ ፋጡሜ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

አልተቀመጠችም። «ሙሀመድኑርን አንስተሽው ነበር። ለመታወቂያ።»

«አስታውሳለሁ። ፀጉሩን ሦስቴ ነው ያበጠረው።»

ፋጡሜ ፈገግ ልትል ስትል አፏ ተመለሰባት። «አውጪልኝ። ሰንበቴ ከተማ አንድ ልጅ ከሳውዲ እስር ቤት ተመልሷል፣ አንዋር ይሉታል፣ የሚስኪን ልጅ። ሳንባውን ታሞ እህቱ ቤት ተኝቷል። ሄጄ ጠየቅሁት። ከእነሱ ጋር ሁለት የከሚሴ ልጆች ነበሩ አለኝ። አንዱን የመን አሸዋ ውስጥ ቀበርነው፤ ሌላው እስር ቤት በሕይወት ቀርቷል አለኝ።»

«ስማቸውን አልነገሩትም?»

«በመንገድ ስም የለም፣ ልጄ። የቤቱን ስም የተናገረ ልጅ ደላላ ይይዘውና እናቱን ብር አምጪ ያሰኛታል። ሁሉም በሐሰት ስም ነው የሄዱት፤ ስለ ቤታቸውም አያወሩም። ሁለቱም ረጅም፣ ሁለቱም ጠይም። ‹ፊቱን አሳዩኝና ልንገርዎት፤ ሳላይ ብናገር አላህ ይጠይቀኛል› አለኝ።»

«ስልክ ላይ፣ ፌስቡክ ላይስ የለም?»

«የሠፈሩ ልጆች አሳዩኝ። እዚያ ያስቀመጠው የአንድ ኳስ ተጫዋች ፎቶ ነው። መታወቂያውን ይዞት ሄዷል፤ ቀበሌም ፎቶው የለም አሉኝ።» ፋጡሜ መቀነቷን ጠበቅ አደረገች። «ልጁ ክፉኛ ያስለዋል፣ ሰሀር። የሚቆይ አልመሰለኝም።»

ሰሀር ሱቋን ዘግታ ጨፋ ወረደች።

አያ ቃሲም ግቢው ውስጥ ቀንበር ይጠርብ ነበር። የመጣችበትን ሲሰማ መጥረቢያውን ሳያስቀምጥ አያት።

«ጉድጓድ እንደ ሱቅሽ መሳቢያ ባሻሽ ጊዜ የሚሳብ መሰለሽ? የክፉ ቀን ማሽላዬ ነው። ከከፈትኩት ለዝንጀሮም ለዘመድም ነው።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ካወቅሽ ታኅሣሥን ጠብቂ።»

«የፋጡሜ ልጅ ፎቶ ነው። የሞተው እሱ ይሁን ሌላው የሚለየው በሱ ብቻ ነው።»

አያ ቃሲም ራሱ አንድ የወንድሙ ልጅ በዚያ መንገድ ሄዶበታል። መጥረቢያውን አስቀምጦ አካፋውን አነሳ።

አፈሩን ገፍፎ፣ ድንጋዩን አንስቶ፣ ኩራዝ በገመድ አወረደ። ኩራዙ ገና የጉድጓዱ አንገት ላይ ሳይደርስ ጠፋ። የጉድጓድ ትንፋሽ ሰው ይገድላል፤ እሳት የማይነድበት ሰው አይወርድበትም። አየር እስኪገባው ከአፉ ርቀው ተቀመጡ። የሚወጣው ሽታ ግን የማሽላ አልነበረም። ሰሀር የአባቷን አፍንጫ አየች። አባቷ ወደሷ አልዞረም።

«ውሃ ገብቶታል» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ኩራዙ ውስጥ ሲነድ አያ ቃሲም ወረደ። መጀመሪያ ቆርቆሮዋን አቀበላት። ከዚያ እጁን መልሶ አወጣና አንድ እፍኝ ማሽላ አፈሩ ላይ አስቀመጠ። ጠቁሮ፣ ተጣብቆ፣ እንደ ቂጣ ይቆረሳል። ቆርቆሮዋ ስለዛገች ክዳኗ በቢላ ተፈለቀቀ። ፌስታሉ ከውስጥ ላብ አልቦት ነበር፤ ሰሀር በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

ኮምቦልቻ በዛብህ ሃርድ ዲስኩን ተቀብሎ ዙሪያውን አየው። በዚህ ጊዜ አልሳቀም።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?»

«በየዓመቱ እሰካዋለሁ።»

«መሰካቱን አላልኩም። አንዱን የቆየ ፎቶ ከፍተሽ አይተሽዋል?»

ሰሀር ባዶውን ፌስታል አጣጠፈች።

«ቅጂ አለኝ ባልሽ ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ» አለ በዛብህ። «እኔም ሳቅሁ እንጂ አልጠየቅሁሽም።»

ተመላልሳ ጠየቀችው። የዛገውን ሰሌዳ ቀይሮለት፣ ሲነሳ እየተንቋቋ፣ ሲቆም እየተጠበቀ፣ የሚወጣውን ያህል ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠላት። ከሚሴ ተመልሳ ስትከፍተው ልቧ ዘለለ፤ ስሞቹ ሁሉ አሉ። የሠርጉ፣ የተማሪው፣ የአሮጊቱ፣ ሁሉም በየዓመቱ ተሰልፏል። አንዱን ነካች፤ አልከፈት አለ። ሌላውን ነካች፤ እንዲያው። ስም እያለው ፊት የሌለው ሰው ስክሪኑን ሞላው። እነዚያን ሰዎች ሁሉ «ከኔ ዘንድ አለ፣ አይጠፋም» ብላቸዋለች።

የሙሀመድኑርን ስም እስክትነካው ድረስ ብዙ ቆየች። ፎቶው ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ። የተበጠረው ፀጉር መጣ፣ ግንባሩ መጣ፣ ቅንድቡ፣ ዓይኖቹ። አፍንጫው ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በታች ግራጫ ብቻ ነው።

ያለውን አተመችው። ፋጡሜ ወረቀቱን ስትቀበል መጀመሪያ የነካችው ግራጫውን ነው፤ የሚነሳ መጋረጃ ይመስል በአውራ ጣቷ ገፋ ገፋ አደረገችው።

«ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው፣ እማ ፋጡሜ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እሽ» አለች። ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «ሰንበቴ እንሂድ።»

በሚኒባሱ ውስጥ ሰሀር መስኮቱን እያየች በልቧ ትለምን ነበር፤ አንዋር በቃ አላውቀውም እንዲል፣ ግማሽ ፊት አይበቃኝም እንዲል። ከዚያ ደግሞ ታፍራለች። ይህቺ ሴት የመጣችው ላለማወቅ አይደለም።

አንዋር ግድግዳ ተደግፎ ተኝቷል። ከብርድ ልብሱ በላይ የሚታየው የትከሻው አጥንት ነው። ፋጡሜን ሲያይ ሊነሳ ሞከረ፤ «ተኛ፣ የኔ አባት» ብላ በእጇ መለሰችው። ወረቀቱን አወጣች።

«ግማሹ ነው የተገኘው» አለች ሰሀር። «አፉና አገጩ አልተመለሰም። ካልበቃህ አይበቃኝም በል።»

አንዋር ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ከመጣው ሳል ጋር ታገለ፣ አፉን ጠረገ፣ እንደገና አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ፋጡሜ ያኔ አወቀች፤ ሰሀር የሴትየዋ እጅ ጉልበቷ ላይ ሲከፈት አየችው፣ የያዘውን እንደለቀቀ እጅ።

«ንገረኝ፣ ልጄ። ለሱ ነው የመጣሁት።»

«አገጩን በሻሼ አስሬ ነው የሸኘሁት፣ እናቴ» አለ አንዋር ለግድግዳው። «ያየሁት ይቺን ነው። ከሻሹ በላይ ያለችውን። ፊቱ እስኪሸፈን ሳያት የነበርኩት ይቺኑ ነው።»

የአንዋር እህት ከበሩ ላይ ቀስ ብላ ሄደች።

«ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጅዑን» አለች ፋጡሜ። ድምጿ አልተሰበረም። «ውሃ ነበራችሁ?»

«አልነበረንም። ትጥበቱን በአሸዋ ነው ያደረግንለት። ሶላት ሰግደንበታል። ወደ ቂብላ ነው ያስተኛነው፣ በፀሐይ ለይተን።»

«ዓይኑን ማን ከደነው?»

«እኔ።»

ፋጡሜ ጎንበስ ብላ የልጁን እጅ ሳመችው። አንዋር እጁን ለመቀማት ጉልበት አላገኘም፤ ያኔ ነው ያለቀሰው።

ከሚሴ ሲመለሱ ተዕዚያው፣ ለቅሶው፣ ተቀመጠ። ቁርኣን ተቀራ፣ ሰው ገባ ወጣ። ሰሀር ከሴቶቹ ጋር ውሃ ስትቀዳ ዋለች፤ ቀና ብላ ያየቻት ሰው ሁሉ ፎቶውን የምትጠይቃት ይመስላታል። አንዳንዶቹ ጠየቋትም። «የእናቴ አለ አይደል፣ ሰሀር? እንዳይጠፋ ብዬ ካንቺ ዘንድ የተውኩት።» እሷም «የለም» ትላለች። አንዱን ካለችው በኋላ ሁለተኛው ይቀላል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ፋጡሜ ፎቶ ቤት መጣች። ያቺ ወረቀት እጇ ላይ ለዝባ ተቀድዳ ነበር።

«ሌላ አውጪልኝ።»

ሰሀር እያተመች ፈራ ተባ አለች። «እማ ፋጡሜ፣ ከፈለጉ የቀረውን ልሞላው እችላለሁ። አሁን ፕሮግራም አለ። አፍና አገጭ ይሠራል፣ የሱን የመሰለ።»

«የማንን አፍ?»

ሰሀር እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች።

«የሰው አፍ ገጥመሽ ሳሚው ልትዪኝ ነው? ተይው። ያለው ይበቃዋል።» ፋጡሜ ዛሬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ሰማያዊው መጋረጃ ፊት። ጥቂት ቆይታ፦ «ያኛውስ?» አለች።

«የቱ?»

«በሕይወት ያለው። እሱም የከሚሴ ልጅ ነው። እናቱ ወይ ሞቷል ብላ ተቀምጣለች፣ ወይ በየደጁ ትጠይቃለች። የማን ልጅ እንደሆነ ከአንዋር በስተቀር የሚያውቅ የለም፤ አንዋር ደግሞ ትናንት ደም ተፍቷል ብለውኛል።» ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበችው። «ልጄ በተነሳበት ዓመት መታወቂያ ሊያወጡ የመጡትን ልጆች ክፈቺ። የሠፈሩን ልጅ ከነእናቱ አውቃለሁ። የሄደውን ከቀረው እለይልሻለሁ። የተገኘውን ግማሽም ቢሆን ሩብ አትሚና ለአንዋር እናድርስለት።»

ሰሀር የዚያን ዓመት ፎልደር ከፈተች። ስሙን ታነባለች፤ ፋጡሜ «እሱ አለ፣ ሹፌር ሆኗል» ትላለች፣ «እሱ ደሴ ነው» ትላለች፣ ወይም ዝም ትላለች። ዝም ስትል ሰሀር ትነካዋለች። አልከፈት ይላል። የሚቀጥለውም አልከፈት ይላል። አንዱ ግንባር ብቻ ሆኖ መጥቶ ቆመ፤ አተሙት። ውጭ ጎማ ጠጋኙ መዶሻውን ይመታል።

«ቀጥዪ» አለች ፋጡሜ።