የአሠሪው ዋስ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ትርንጎ የሥራ ውሏን ከነግልባጩ ይዛ መጣች። ዐረብ አገር ልትሄድ ነው። «እትዬ፣ እስቲ ያንብቡልኝ» አለችኝ። ፍኖተ ሰላም በበቆሎ እሸት ጠረን የምትታወድበት ወቅት ነውና እየፈለፈልን አገላበጥነው። አንድ መስመር ላይ ስደርስ ቆምሁ፤ በሕጉ መሠረት አሠሪው ውሉን ቢያፈርስ ላኪው ኤጀንሲም አብሮ ይጠየቃል ይላል። ሳቄ መጣ። አባቴ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። የማትሪክ ፈተና አላልፍ ብሎኝ ማንኩሳ አጠገብ ቤታችን ተቀምጬ፣ ቤሩት ሠርቼ ተመልሼ ስፌት ቤት ልከፍት አልም ነበር። ሐምሌ ላይ ከአባቴ ጋር ጭቃውን እያቦካን፣ የባቄላ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ፍኖተ ሰላም ወዳለው ሠራተኛ ላኪ ሄድን።

ሰውዬው ውሉን አነበበና «ዋስ ያስፈልጋታል፤ ብትጠፋ የሚጠየቅ» አለ።

«እኔ አለሁ» አሉ አባቴ። ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ከዚያ ግን አልተነሡም።

«የአሠሪዋስ ዋስ ማነው?»

ሰውዬው ሳቀ። «አባቴ፣ አሠሪ እኮ ዋስ አይጠራም።»

አልተሳሳተም። በኛ አገር አራሽ ሲቀጠር ዋስ የሚጠራው አራሹ ነው፤ ባለመሬቱን ዋስ ጥራ ያለው የለም። በሃፍረት የምገባበት ጠፋኝ። ጉዞዬም ያበቃለት መሰለኝ።

«እኔ ለማላውቀው ሰው ያለ ዋስ በሬዬን አላውስ፤ ልጄንማ» አሉና ኩታቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ።

ባለጉዳይ ገባ፣ ወጣ፤ ምሳ ሰዓት አለፈ፤ አባቴ ንቅንቅ የለም። ሰውዬው ሲሰለቸው ለገበያ የመጡ የቡሬ አጎቱን አስጠራ። አያ እንዳላማው ይባላሉ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እውነታቸውን ነው» አሉና ለአሠሪዬ ዋስ ሆነው ፈረሙ።

ቤሩት እንደገባሁ አሠሪዬ ማዳም ፓስፖርቴን ተቀብላ ሌላ ወረቀት በዐረብኛ አስፈረመችኝ። አንድ ቤት ትሠሪያለሽ የተባልሁት ሁለት ቤት ሆነ፤ የእረፍት ቀን ቀረ። በሦስተኛው ወር እጄ በበረኪና ተላጠ። ሱቅ ስላክ ፍኖተ ሰላም ላለችው እህቴ ደወልሁና አለቀስሁ።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። አባቴ በማግስቱ ቡሬ ሄዱ። የቀረበላቸውን ጠላ ሳይነኩ «ዋሴ፣ ልጄ ተበደለች» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። አያ እንዳላማውም ዱላቸውን ይዘው ፍኖተ ሰላም መጡ፤ ነገሩ ካልተስተካከለ አልነሣም ብለው የወንድማቸው ልጅ ቢሮ በር ላይ ሁለት ቀን ዋሉ። ሰውዬው በሩ ላይ አጎቱ ተቀምጠው እንዴት ሥራ ይሥራ? ቤሩት ሲደውል ዋለ። በሳምንቱ ማዳም ፓስፖርቴን መለሰችልኝ። ሁለተኛው ቤት ቀረ፣ እሑድም የእኔ ሆነ። በመጀመሪያው እሑድ እስከ ቀትር ተኛሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሦስት ዓመት ሠርቼ መጣሁ፤ ይኸው ስፌት ቤቴ።

«ታዲያ አሁንማ ሕጉ ራሱ ጽፎታል» አለች ትርንጎ።

«ሕጉማ ደግ። ግን ብትበደዪ ኤጀንሲው ደጅ ሄዶ የሚቀመጥልሽ ማነው?»

አባቷን በልጅነቷ ነው ያጣችው። የእሸቱን ቆረቆንዳ በጣቷ ስታሽከረክር ቆየችና «እርስዎ ይቀመጡልኛል?» አለችኝ።

የውሉን ግልባጭ አጥፌ የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት።

«ጉልበቴን ያመኛል» አልኋት፤ «መቆም እንጂ መቀመጥ አያቅተኝም።»