የጓዳው ሰፌድ

ባለፈው ሰሞን ከታላቅ እህቴ ከአስናቀች ጋር ባሕር ዳር ያለውን የእናታችንን ቤት ባዶ ልናደርግ ገባን። እናታችን ካረፈች ዓመት አልፏል፤ ቤቱ ሊከራይ ነው። ክዳን የሌለው ድስት፣ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ "አንድ ቀን ያስፈልጋል" ተብሎ የታጠፈ የማዳበሪያ ከረጢት። እናታችን መጣል የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። የጎረቤቱን ለጎረቤት፣ የቆራሌውን ለቆራሌው ስንለይ ዓይኔ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አረፈ። የአስናቀች ሰፌድ እንደ ድሮው ተሰቅሏል። በዚህ ዕድሜዬ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ያ ቅናት ተነሣብኝ።

ልጃገረዶች ሳለን ነው። መስከረም ሲጠባ ከሐይቁ ማዶ ካለው መስክ የስፌት ሣር ነቅለን አደረቅን። እናታችን አክርማውን ቀይ ቀለም ውስጥ ነክራ "ይደር፤ ካልጠለቀ ይለቃል" አለችን። አስናቀች አሳደረችው። እኔ ግን እሷን ልቅደም ብዬ ገና ሳይዝ አውጥቼ ወስፌዬን አነሣሁ። ደግሞም ቀደምኋት።

በቅበላ ሰሞን የእናታችን አጎት፣ የደቅ ደሴት ቄስ፣ በጀልባ መጡ። ቤቱ የተጠበሰ አሣ ይሸታል። እናታችን ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ በሁለቱ አዳዲስ ሰፌዶች አድርጋ አቀረበች። አባ ባርከው በኔ ሰፌድ ያለውን ዳቦ ሲያነሡት ሥሩ ቀልቷል።

"ይኸ ዳቦስ እንሶስላ ሙቋል" አሉ። ቤቱ ሳቀ።

እናታችን ሰፌዴን አንሥታ "ግድ የለም፣ ይኸ ለጓዳ ይሆናል" አለች። በማግሥቱ አባታችን ለአስናቀች ሰፌድ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሚስማር መታለት።

ከዚያ ወዲያ እንግዳ በገባ ቁጥር "የማን እጅ ነው?" ይባላል። "የአስናቀች" ትላለች እናቴ። ባል እንኳ የመጣላት በዚያ ሰፌድ ይመስለኝ ነበር። ክረምት ሲገባ ጣራው በዚያ ሚስማር በኩል እንዲያፈስ ተስያለሁ። ጠብ አላለም።

እንግዲህ ያን ሰፌድ አወረድሁት። አቧራው አስነጠሰኝ።

"ትወስጅዋለሽ እታለም?" አልኋት፣ እንቢ እንድትል በልቤ እየለመንሁ።

"አንቺ ውሰጅው" ብላ ጓዳ ገባች። ስትወጣ የኔን ይዛለች። ቀለሙ ጠፍቷል፤ ጠርዙ አልቆ በእናታችን አሮጌ ቀሚስ ቁራጭ ዙሪያውን ተሰፍቷል።

"እሱን ደግሞ ምን ልታደርጊው?"

"እማዬ ምስር ስትለቅም፣ ጤፍ ስታበጥር ይኸ ከእጇ ተለይቶ ያውቃል? የኔን ሰቅላ ተወችው። ለጥየቃ በመጣሁ ቁጥር ይኸን ሳይ ቅናት ይፈጀኝ ነበር፣ የሺ። አሁንስ እኔ ልያዘው።"

እናቴ ዕድሜዋን የጨረሰችው ሳሎን ሳይሆን ጓዳ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላሰብሁትም። ስመኘው የኖርሁት ሰፌድ በእጄ ነበር፤ ድንገት ቀለለብኝ።

"የኔን ወዲህ በይ" አልኋት።

 ሰጠችኝ፤ ግን ጨርቁን ዳብሳ ነው የሰጠችኝ።

የሷን አንዲት ጎረቤት ወሰደችው። ግድግዳው ላይ ክብ ነጭ ምልክት ቀርቷል። የኔ ሰፌድ እኔ ቤት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ምስር እለቅምበታለሁ። ልጄ "ይኸን አሮጌ ጣይው እንጂ" ትለኛለች። አስናቀች ልትጠይቀኝ ስትመጣ ግን ጓዳ እደብቀዋለሁ።